ነፍሱን ነፍሴ ብዬ አነበብኩት

በደርግ ዘመን ከአሰላ እስከ ዴራ፣ ከዴራ እስከ ሲሬ፣ ሁለት መቶ ሜትር ባሕር ውስጥ ቢወርድ ጠብታ ውሃ የማያስገባ የጠላቂ ሰዓት በክንዱ አስሮ የተንጎራደደ ወንድ ከእኔ በቀር አልነበረም። ይህን ማንም አይክደኝም። ክንዴን ስዘረጋ የጋሪ ፈረስ ቆሞ ያየኝ ነበር። እውነቱንም ላስከትል፤ ሰዓቱ የእኔ አልነበረም። ያሰርኩት ሁለት ቀን ነው። የጠለቅኩበት ጥልቅ ውሃ ደግሞ እናቴ ልብስ የምታጥብበት ሳፋ ሲሆን የሰመጥኩት እስከ ክርኔ ድረስ ነው።

ሰው ሁሉ በቀልዴ ነው የሚያውቀኝ። ለቅሶ ቤት እንኳ ስገባ ሰዎች አስቀድመው አፋቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። ከዚህ ሰዓት ጋር የተያያዘውን ነገር ግን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለነፍስ አባቴ ኃጢአቴን ስዘረዝር በጾም የቀመስኩትን፣ ያማሁትን፣ የዋሸሁትን ሁሉ እደረድርና እዚህ ጋ ስደርስ ሳል ይይዘኛል። እሳቸውም "እግዚአብሔር ይማርህ፣ ብርድ መትቶህ ነው" ብለው ያሰናብቱኛል። እናንተ አታውቁኝም፣ ፊታችሁንም አላይም። ስለዚህ ለእናንተ ልናገር።

ጥፋቴ አንዲት ፊደል ናት። "ሱ" የሚለውን "ሴ" ብዬ አነበብኩ። በአንዲት ፊደል ሰው ምን ያህል ይበድላል? እኔ የበደልኩትን ያህል።

ከማል ጎረቤቴና አብሮ አደጌ ነበር። እሱ ዝምተኛ፣ እኔ ለፍላፊ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረስን እኔ አንድ የገበሬዎች ማኅበር ጽሕፈት ቤት ውስጥ ጸሐፊ ሆንኩ፤ እሱ ባሕር ኃይል ገባ። ልብ በሉ፣ ያደግነው አሰላ ነው። ባሕር ቀርቶ ከጉልበት የሚያልፍ ውሃ ያየነው በክረምት ወንዝ ሲሞላ ነው። ያም ቢሆን በሬ ይዞ የሚሄድ ውሃ እንጂ የሚዋኙበት አልነበረም። ይህ የደጋ ልጅ ምጽዋ ወርዶ ጠላቂ ሆነ የተባለ ዕለት ሰፈሩ አፉን ከፍቶ ዋለ።

"ምን ጠፍቶበት ነው ውሃ ውስጥ የሚገባው?" አሉኝ እናቱ።

"የመርከብ ሆድ ሊጠግን ነው።"

"ውይ! መርከብም ሆዱን ያመዋል?"

እናቱ አዴ ኑሪያ ይባላሉ። "አዴ" ማለት በእኛ አገር እንደ "እትዬ" ያለ የእናቶች የክብር መጠሪያ ነው። ባላቸው ሞተውባቸዋል፤ ሴት ልጃቸውን ሐሊማን ዴራ ድረዋል። እሳቸው ሁለት ላሞቻቸውን እያለቡ፣ ወተት እየናጡ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። አማርኛ ለገበያ የሚበቃቸውን ያህል ይችላሉ፤ ማንበብ ግን በየትኛውም ቋንቋ አይችሉም። ከማል ደግሞ መጻፍ የተማረው በአማርኛ ነው። ስለዚህ የልጁ ደብዳቤ በአማርኛ ይመጣል፣ በእኔ አፍ አልፎ ኦሮምኛ ይሆንና ጆሯቸው ይገባል። ልጅና እናት የሚገናኙት በእኔ ምላስ ላይ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ለእኔ ዓይነቱ ሰው አደራ ይሰጣል?

የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ከተከበረ በኋላ ነው፤ አንድ ለዕረፍት የመጣ ወታደር ከከማል የተላከ ጥቅል አደረሰ። አዴ ኑሪያ ጥቅሉን ሳይፈቱ ይዘውት እኔ ዘንድ መጡ። ስንፈታው ያ ሰዓት ወጣ።

እኔ ብዙ የማጋንን ሰው ነኝ፤ ይህን ሰዓት ግን ማጋነን አልችልም። ፊቱ እንደ ክረምት ሰማይ ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ ዙሪያው በጣት ሲያዞሩት ቀጭ ቀጭ የሚል ቀለበት ያለው፣ ክብደቱ እንደ መልካም ዜና እጅን የሚሞላ ነበር። አዴ ኑሪያ ከሻሻቸው ሥር ከተው አጮልቀው ሲያዩት ነጥቦቹ ሁሉ አረንጓዴ ብርሃን አብርተው ጠበቋቸው። "ቢስሚላህ!" ብለው ሻሻቸውን ጥለው ብድግ አሉ። እኔም ብድግ አልኩ። አንድ የውጭ አሰልጣኝ ለጉብዝናው የሸለመው መሆኑን ከማል ጽፏል። ቀጥሎ እንዲህ ይላል፤ ቃል በቃል ነው የማስታውሰው፦

"እናቴ ሆይ፣ ይህ ሰዓት አይሞላም፣ ባትሪም የለውም። ነፍሱ በእጅሽ ነው። እጅሽ ሲንቀሳቀስ ይሄዳል። ካወለቅሽው ግን በሁለት ቀን ይቆማል። ያን ጊዜ አትደንግጪ፤ ነቅነቅ ብታደርጊው ይነሳል።"

ነፍሱ በእጅሽ ነው። ነፍስ በኦሮምኛ ሉቡ ነው። "ሉቡ ኢሳ" ማለት ነበረብኝ፤ ነፍሱ፣ የሰዓቱ። እኔ ግን "ሉቡ ኮ" አልኩ። ነፍሴ።

"ነፍሴ በእጅሽ ነው፤ እኔ ስተነፍስ እሱ ይሄዳል፤ እሱ ከቆመ ግን..." ብዬ ደብዳቤውን አጠፍኩ። ክፉ ቀልደኛ ነገሩን አይጨርስም፤ የቀረውን ለሰሚው ይተዋል።

ለምን አደረግኩት? ተቀይሜ ነው? አይደለም። በከማል ቀንቼ ነው? ትንሽ። ዋናው ግን ፊታቸው ሲለወጥ ማየት ፈልጌ ነው። አንድ ደቂቃ ላስደንቃቸው፣ ከዚያ ልስቅና "ቀልዴን ነው አዴ" ልላቸው ነበር። ሐሳቤ ይኸው ነበር፤ እግዜር ምስክሬ ነው።

እሳቸው ግን ደብዳቤውን ተቀበሉኝ።

"የትኛው ነው?" አሉ።

"ምኑ?"

"ነፍሴ ያለበት ቦታ።"

በጣቴ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው ቃሉን ሳሙት። ወረቀቱ ላይ ትንሽ እርጥበት ቀረ፤ "ሱ" የምትለዋ ፊደል እግሯ ተዘረጋ። ሰዓቱን በሁለት እጃቸው፣ አራስ ልጅ እንደሚያነሳ ሰው፣ አንስተው ግራ እጃቸው ላይ አሰሩት። ከዚያ በኋላ ይሳቃል? እስቲ እናንተ ብትሆኑ ትስቁ ነበር? ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ።

ነገ ሳልነግራቸው ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ሰዓቱ ሲመጣ በመርከቡ ሰዓት ላይ፣ ማለትም በፈረንጅ አቆጣጠር ላይ ነበር፤ እኛ ዘንድ ስድስት ሰዓት ሲሆን እሱ አሥራ ሁለት ይላል። ላስተካክለው ብዬ እጄን ስዘረጋ "የልጄን ነፍስ አትነካካ!" ብለው እጄን መቱኝ። ገበያ ላይ ሰው "አዴ፣ ስንት ሰዓት ነው?" ሲላቸው ክንዳቸውን ዘርግተው "ራስህ እየው፤ እኔ የማየው መሄዱን ብቻ ነው" ይላሉ። ያየው ሁሉ በስድስት ሰዓት ይሳሳታል። አንድ ገበሬ በእሳቸው ሰዓት ተመርቶ ቀጠሮ ቢሄድ ቀበሌው ተዘግቶ አገኘ። ገበያው ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፤ እያሳቅኩም ውሸቴን አሳደግኩት።

አንድ ነገር ግን አላሳቀኝም። አንድ ጠዋት ቅል ሲንጡ አየኋቸው። ወተቱ የሞላበትን ትልቅ ቅል ጭናቸው ላይ አስተኝተው ወደፊት ወደኋላ ይገፉታል። ሰዓቱ ውስጥ እንደ ግማሽ ጨረቃ ያለች ብረት አለች ይላሉ፤ እጅ በተወዛወዘ ቁጥር እየዞረች ሽቦውን ትሞላለች። እሳቸው ይህን አያውቁም። ያ ለባሕር ወለል የተሠራ ዕቃ በአንዲት የአርሲ እናት ክንድ ላይ፣ በወተት ንጠት ይሞላ ነበር። እሳቸው ልጃቸው ሰዓቱን የሚያኖረው መስሏቸዋል። የሚያኖሩት ግን እሳቸው ራሳቸው ነበሩ። በሩ ላይ ቆሜ አየሁ። መናገር ነበረብኝ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ እንደዚያ ቆሜ አላውቅም።

ታዲያ እንዲህ የተደነቀ ሰው ቀጥሎ ምን ያደርጋል? ይሰርቃል። ዴራ ሠርግ ተጠራሁ፤ ያን ሰዓት አስሬ ካልሄድኩ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። በቀጣዩ የከማል ደብዳቤ ላይ አንድ መስመር ከራሴ ጨመርኩ፦ "ሰዓቱን ለደምሴ ሁለት ቀን ስጪው፤ ይመርምርልሽ።" ደምሴ እኔ ነኝ። አዴ ኑሪያ የሰዓቱን መስታወት በነጠላቸው ጠርገው፣ ዱዓ አድርገው ሰጡኝ።

"አደራ፣ ልጄን ነው የሰጠሁህ" አሉ።

መጀመሪያ በእናቴ ሳፋ ውስጥ ሞከርኩት፤ አንድ ጠብታ አላስገባም። ከዚያ ዴራ ወረድኩ፤ እጅጌዬን እስከ ብብቴ ሰበሰብኩ፤ ሙሽራውን ያየ ሰው አልነበረም ብል ብዙ አልዋሸሁም። ከሠርጉ መልስ እናቴ "ይህን ከየት አመጣኸው?" እንዳትለኝ ገብስ ማስቀመጫው ውስጥ ቀበርኩት። እኔም በጠጣሁት ጠላ ታምሜ ሁለት ቀን ተኛሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አዴ ኑሪያ መጡ። ገብሱን እየበተንኩ ሳወጣው ከእጄ ቀድመው ወሰዱት። ሴኮንዱ ቆሟል። ወደ ጆሯቸው አስጠጉት። ወደ ሌላኛው ጆሯቸው አዛወሩት። ይጮሃሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ አልጮሁም። ደጃፉ ላይ ተቀመጡና መሬቱን በመዳፋቸው ይዳብሱት ጀመር፤ የወደቀባቸውን ትንሽ ነገር እንደሚፈልግ ሰው።

ያን ጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። "ዋሽቼ ነው፤ ደብዳቤው እንዲህ አይልም።" ይህን ማለት ያቅታል? እኔ አቃተኝ። ሰዓቱን ቀማኋቸውና ነቀነቅኩት፤ ሄደ።

"ነፍስ ዘራ!" አልኩ። "አዴ፣ ነፍስ ዘራ! ትኩሳት ነገር ይዞት ይሆናል እንጂ ደኅና ነው!"

እግሬን ይስሙ ጀመር። እግሬን! በሚቀጥለው ደብዳቤ ከማል ስለ ጤናው አንድም ክፉ ነገር አልጻፈም። እኔ ግን "ያን ሰሞን ትኩሳት ይዞኝ ነበር፣ አሁን ድኛለሁ" ብዬ አነበብኩላቸው። ከዚያ ወዲያ ምድር ብትገለበጥ ከእጃቸው አያወልቁትም።

ሁለት ዓመት ያህል አለፈ፤ ደብዳቤው ቀረ። ቆይቶ አንድ ከከማል ጋር የሠራ የዴራ ልጅ ተሰናብቶ መጣና ለሽማግሌዎች ነገራቸው። ከማል መርከብ ሥር ለሥራ ወርዶ አልተመለሰም። ፈልገውታል፣ አላገኙትም። ያ ዘመን መንግሥት ለእናት መርዶ የሚልክበት አልነበረም። ሽማግሌዎቹ በአገር ደንብ በማለዳ ተሰብስበው ሊያረዷቸው ሄዱ። ፊት ፊት የሚሄዱት ሼህ አማን ናቸው፤ እኔም ከኋላ ነበርኩ።

አዴ ኑሪያ ሕዝቡን ሲያዩ አልደነገጡም። ሼህ አማን "ኑሪያ፣ አላህ የሰጠውን..." ብለው ሲጀምሩ ክንዳቸውን አንስተው ሰዓቱን በሼሁ ጆሮ ላይ ለጠፉት።

"ስማ" አሏቸው።

ሼህ አማን ሰሙ። ጥቂት ቆመው ሰሙ።

"ልጄ ይኸው እጄ ላይ ይተነፍሳል። ምን ልትነግሩኝ ነው በጠዋት የመጣችሁ?"

ከኋላ የቆምኩት እኔ እንኳ ቀጭ ቀጭ ሲል የሰማሁ መሰለኝ። ሼህ አማን ቁርዓን አዋቂ ናቸው፤ የአማርኛ ፊደል ግን አይለዩም። ዞረው እኔን ፈለጉኝ።

"አንተ ደምሴ። ደብዳቤውን ያነበብከው አንተ ነህ። እንዲህ ይላል?"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አዴ ኑሪያም ዞሩ። በፊታቸው ላይ ጥርጣሬ አልነበረም፤ እንዲያውም ምስክሬ መጣ ብለው ፈገግ ብለውልኝ ነበር።

"ይላል" አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። እኔ፣ በዚህ አፌ። የመጀመሪያውን ቀልድ ነበር በሉት፤ ሁለተኛውን ጉራ፣ ሦስተኛውን ድንጋጤ በሉት። ይህኛው ምንድን ነው? ሰዓቱ ውሃ አያስገባም፤ የእኔ ምክንያት ግን ውሃ አያነሳም። አንዲት እናት ልጇን አልቅሳ እንዳትቀብር፣ እንባዋን የከለከልኳት እኔ ነኝ።

መርዶው ተመለሰ። ለከማል ሰደቃ አልወጣም፣ ሰው ተቀምጦ አላስተዛዘነም። ሐሊማ ከዴራ መጥታ "ነይ ከእኔ ጋር ኑሪ፣ አርጅተሻል" ብትል እናት "ወንድምሽ ሲመጣ ቤቱን ዘግቼ ልጠብቀው?" አሉ። አራት ዓመት እንዲህ ኖሩ። ብቻቸውን ያልባሉ፣ ብቻቸውን ይንጣሉ፤ ሰዓቱም ይሄዳል። በየዓርቡ አሮጌዎቹን ደብዳቤዎች ይዘው ይመጡና እንደ አዲስ አነብላቸዋለሁ። አንዳንዴ ከራሴ እጨምራለሁ፤ ስለ ዓሣ፣ ስለ ማዕበል። ባሕሩን አንድም ቀን ሳላየው እንዴት አድርጌ እንደምስለው! እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ።

በመጨረሻ ታመው አልጋ ያዙ። እጃቸው ዝም ብሎ ብርድ ልብሱ ላይ ሲያርፍ አየሁ፤ እጁ ካረፈ ሰዓቱ ይቆማል። ከቆመ ልጃቸው ሞተ ማለት ነው፤ ለዚያውም በሞት አፋፍ ላይ ሳሉ። ስለዚህ ከሥራ በፊትና ከሥራ በኋላ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ግራ እጃቸውን ይዤ እወዘውዝ ጀመር። ቀስ፣ ቀስ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው። ሰው አየና "ደምሴ እኮ ቀልደኛ ይመስላል እንጂ ልቡ የመልአክ ነው" አለ። ሐሊማ ከዴራ መጥታ እያስታመመች ነበርና "ወንድሜ፣ አላህ በልጆችህ ይክፈልህ" አለችኝ። ልጅ እንደሌለኝ አላወቀችም፤ ምርቃቱ የት እንደሚያርፍ እኔም አላውቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እጃቸውን ይዤ ሳለ ዓይናቸውን ገለጡ።

"እየሄደ ነው?" አሉ።

"እየሄደ ነው፣ አዴ።"

"እንግዲያስ ልተኛ" አሉ። ተኙ፤ አልተነሱም።

ሬሳው ሲታጠብ ሰዓቱን ሼህ አማን ወስደው ቤቱ ውስጥ መደርደሪያ ላይ አኖሩት። በሦስተኛው ቀን ለቀስተኛው ተቀምጦ ሳለ ከሰዓት በኋላ ሼሁ ተነስተው ጆሯቸውን አስጠጉ። ቀና ሲሉ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር።

"ኢናሊላሂ" አሉ። "ከማል እናቱን ሸኝቶ ተከተላት።"

ያን ጊዜ ሰው ለከማል አለቀሰ። አራት ዓመት የተከማቸ ለቅሶ በአንድ ጊዜ ፈሰሰ፤ ስሙም ከእናቱ ስም ጋር በዱዓ ተጠራ። ዛሬም አሰላ ውስጥ አንዳንድ ሽማግሌዎች ይህን እንደ ተአምር ያወሩታል። እኔም ከሁሉ አብልጬ አለቀስኩ፤ ደረቴን መታሁ፤ መናገር ብቻ አልቻልኩም። ነገሩን ሳስበው አሁንም ያስፈራኛል፤ ከማል የጻፈው እኮ እውነት ነበር። የሰዓቱ ነፍስ በእጃቸው ነበር። እሱ የጻፈውን እውነት ትክክል ባነብላቸው ኖሮ በራሱ ያስደንቃቸው ነበር፤ ምንም መጨመር አላስፈለገውም።

ይቅርታ አልለምንም፤ ይቅር የሚሉት ሁለቱም የሉም። ከሐሊማ ልለምን ብዬ ሁለት ጊዜ ዴራ ወርጃለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ አስቄያት ተመለስኩ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ያን ጊዜ ዝም ያልኩት በፍርሃት ነው ብላችሁ ልታዝኑልኝ ትችላላችሁ፤ እኔም ለራሴ እንዲያ ስል ኖሬአለሁ። አዴ ኑሪያ ደብዳቤውን ሊያስነብቡ በመጡ ቁጥር አንድ ጣሳ እርጎ ይዘውልኝ ይመጡ ነበር። ወፍራም፣ በጭስ የታጠነ፣ ማንኪያ የሚያቆም። እውነቱን ከነገርኳቸው ደብዳቤው ይቀራል፤ ደብዳቤው ከቀረ እርጎው ይቀራል። አስቤበታለሁ። ማንኪያ በእጄ ይዤ፣ እያወቅኩ አስቤበታለሁ። ያን ሁሉ ዓመት አንዲትን እናት ያታለልኩት እርጎው ስለጣመኝ ነው።